«የአመለካከት ችግር» የሚባለው ቁጥር

በምረቃ ቀን «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚል ምክር ሳይሰማ ጋውኑን ያወለቀ ተማሪ ያለ አይመስልም። ለዚህ ተመራቂ በማግስቱ «የራስህን ድርጅት የመክፈት ሐሳብ አለህ?» የሚል መጠይቅ ቢቀርብለት ምን ብሎ እንደሚሞላ መገመት አይከብድም። የሚፈለግበትን መልስ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ነገሩ ግን የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ሰዎች ንግድ ለመጀመር ያላቸው ሐሳብ በየአገሩ የሚለካው በእንዲህ ያለ መጠይቅ ነው። በዘርፉ ከሚታወቁት አንዱን ፍራንሲስኮ ሊኛንና ዪ ዌን ቼን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመው፣ በስፔንና በታይዋን 519 ሰዎች ላይ ሞክረውታል። መሠረቱ የሥነ ልቦና ምሁሩ አይሴክ አይዘን ንድፈ ሐሳብ ሲሆን፣ ሐሳብ በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል ይላል፦ ሰውየው ነገሩን ይወደዋል ወይ? የቅርብ ሰዎቹ ይደግፉታል ወይ? እችለዋለሁ ብሎስ ያምናል ወይ?

ሦስቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው መልሱ ድንበር ሲሻገር ነው።

አንደኛው ችግር ቁጥሩ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት የጃፓን፣ የታይዋን፣ የካናዳና የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አወዳድሮ ነበር። የጃፓንና የታይዋን ተማሪዎች መሃለኛውን ቁጥር ያዘወትራሉ፤ አሜሪካውያኑ ደግሞ ወደ ጫፉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከ7 ውስጥ 4 ያለ ሰው ሐሳቡ ደካማ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። አደጉ በተባለበት አገር ራስን ከፍ አድርጎ መናገር ነውር ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው ቃሉ ነው። መጠይቁ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሐሳብ» ከተባለ የሌለው ሰው የለም። «ዕቅድ» ከተባለ ብዙው ያመነታል። «ቁርጥ ውሳኔ» ከተባለ ደግሞ «እግዜር ካለ» ወይም «ኢንሻአላህ» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልስ ከ1 እስከ 7 ስንት ይሰጠዋል? ለአንዱ የጸና ውሳኔ ነው፤ ለሌላው በጨዋ ደንብ የተነገረ «አይሆንም» ነው።

ሦስተኛው የሚቆጠረው ነገር ነው። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ እናት «ድርጅት ከፍቻለሁ» አትልም፤ «ልጆቼን ላሳድግ ብዬ ነው» ትላለች። ስትነግድ ብትውልም ራሷን በመጠይቁ ቃል አታገኘውም።

ይህ ሁሉ የምሁራን ክርክር ብቻ ቢሆን ባላሳሰበ ነበር። ኢትዮጵያ ግን በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ያቋቋመች አገር ናት። ገንዘቡ ለማን፣ ሥልጠናው ለማን የሚለው ውሳኔ «ወጣቱ ምን ያስባል» በሚል ግምት ላይ ያርፋል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ደግሞ በየስብሰባው የተለመደችው ሐረግ ትመጣለች፦ «የአመለካከት ችግር»። መፍትሔውም ሌላ የሁለት ቀን ሥልጠና ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የአይዘን ሦስተኛ ጥያቄ የሚያስፈልገው። ንግድን የሚወድ፣ ቤተሰቡም የሚደግፈው፣ ግን «አልችልም» ያለ ወጣት አመለካከቱ አልተበላሸም። የሱቅ ኪራዩን፣ የፈቃዱን ምልልስ፣ ባንክ የሚጠይቀውን መያዣ አስልቶ መልሷል። «ዲግሪ ይዘህ ሱቅ ልትጠብቅ ነው?» የሚባለው ሌላ ጓደኛው ደግሞ የቆመው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ አማካይ ጨፍልቆ አንድ ሥልጠና ማዘዝ፣ ራሱን ላመመውም እግሩ ለተሰበረውም ያንኑ ኪኒን እንደመስጠት ነው።

ስለዚህ አገርን ከአገር በደረጃ ከማሰለፍ በፊት ሦስቱን መልሶች ለየብቻ ማንበብ ይሻላል። ከሐሳቡም ጎን የተሠራውን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ እቁብ ገብተሃል? ዋጋ አጠያይቀሃል? ቦታ አይተሃል? እነዚህን ሁሉ አድርጎ «ሐሳብ የለኝም» የሚል ወጣት ቢገኝ፣ ሊመረመር የሚገባው ከእሱ አመለካከት በፊት ያቆመው በር ነው።