ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ለምትሳፈሩ ወላጆች፦ ከእጅ የማይለየው ቦርሳ

ልጆቻችን ውጭ አገር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ብዙዎቻችን ቦሌን እንደ ሰፈራችን ለምደነዋል። ሻንጣ ማስመዘኑን፣ ጫማ ማውለቁን፣ ቀበቶ መፍታቱን ማንም አያስተምረንም። ወደብ ግን ሌላ ነገር ነው። አሁን አሁን አንዳንድ ልጆች እናት አባታቸውን «ይሄን ጉዞ በአውሮፕላን ሳይሆን በመርከብ እናድርገው» እያሉ ይጋብዛሉ። ግብዣው ደስ ይላል። ነገር ግን ዕድሜው ለገፋና በየቀኑ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከጉዞው ሁሉ ከባዱ የመሳፈሪያው ቀን ነው። ከውቅያኖሱ ይልቅ የሚያደክመው ወደቡ ነው።

እኔ በነርስነት ከ35 ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በ1976 ዓ.ም. ለሥራ አሰብ በተመደብኩበት ጊዜ ትልልቅ የጭነት መርከቦች ሲራገፉ ከሩቅ አይ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ተሳፍሬ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ለንደን የምትኖረው ልጃችን ለአባቷ 70ኛ ዓመት ስጦታ ብላ ከእንግሊዙ ወደብ ከሳውዝሃምፕተን እስከ ኒው ዮርክ በኩዊን ሜሪ 2 ይዛን ሄደች። ኒው ዮርክ ወንድ ልጃችን አለ፤ በዓይናችን ያላየነው የልጅ ልጅም እዚያ ይጠብቀን ነበር።

መርከቧ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረች፣ 345 ሜትር የምትረዝም፣ ከ2,500 በላይ መንገደኞች የምትይዝ ናት። ለሽርሽር ከወደብ ወደብ ከሚዞሩት መርከቦች የሚለያት ሰፊ ውቅያኖስ ለማቋረጥ ታስባ መሠራቷ ነው። ዛሬ በዚያ መስመር በመደበኛነት የምትመላለስ የውቅያኖስ መንገደኛ መርከብ እሷ ብቻ ናት። ጉዞው ሰባት ሌሊት ይፈጃል። ያን ሁሉ ሕዝብ ከነሻንጣው በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሳፈር ምን ዓይነት ወረፋ እንደሚያስከትል እናንተው ገምቱት። ስለዚህ ያየሁትንና በሙያዬ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ሰዓቱን በሁለት አቆጣጠር ጻፉት

የጉዞ ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የመሳፈሪያ ሰዓት ይሰጣል። 13:00 ቢል በእኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ማለት ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን በትልቁ ጽፋችሁ ያዙ። ከተሰጣችሁ ሰዓት እጅግ ቀድሞ መድረስም ቆሞ መጠበቅን ያመጣል፤ መዘግየት ደግሞ አያዋጣም፤ መርከብ ሰው አይጠብቅም። ከለንደን ሳውዝሃምፕተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ የምትመጡ ከሆነ በዋዜማው ወደቡ ከተማ ብታድሩ ይሻላል።

ፓስፖርትና ቪዛ የሚመረመሩት ከመሳፈራችሁ በፊት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአሜሪካ ቪዛ ከሌለው እንግሊዝ ላይ አያሳፍሩትም። ረጅም መቆም የማይችል ሰው ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዘጋጅለት ቲኬቱ ሲገዛ ወይም ከጉዞው ቀደም ብሎ ማስመዝገብ አለበት። ይህን ስል አንዳንድ አባቶች እንደሚቆጡ አውቃለሁ። «እኔ ገና በእግሬ እሄዳለሁ!» ትላላችሁ። ትሄዳላችሁ፤ ጥያቄው ግን ሁለት ሰዓት መቆም ትችላላችሁ ወይ ነው።

ሻንጣው ተመልሶ የሚመጣው ዘግይቶ ነው

ወደቡ ስትደርሱ ትልልቆቹን ሻንጣዎች ሠራተኞች በር ላይ ይቀበሏችኋል። ስማችሁና የክፍላችሁ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሻንጣው ላይ መታሰር አለበት። እናቶች ሻንጣቸው ከዓይናቸው ሲርቅ ልባቸው አብሮ ይሄዳል፤ አትሥጉ፣ ክፍላችሁ በር ላይ ያደርሱላችኋል። የሚደርሰው ግን ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ወደ ማታ ነው። ዋናው ምክሬም ከዚህ ይነሣል፦ ሻንጣው ሌላ ቦታ ባለበት በዚያ ግማሽ ቀን የሚያስፈልጋችሁ ነገር ሁሉ በእጃችሁ መሆን አለበት።

የእኔ የእጅ ቦርሳ እንዲህ ነበር። የሁለታችንም የጉዞው መድኃኒት በሙሉ፣ ከነማሸጊያው፣ ከተጨማሪ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ጋር። የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ የተጻፈበት የሐኪም ወረቀት። የስኳር መለኪያና የደም ግፊት መለኪያ። መነጽር። ፓስፖርት፣ የጉዞ ወረቀትና የጉዞ ዋስትና። አንድ ሹራብና አንድ ቅያሪ የውስጥ ልብስ። ብስኩት፣ ከረሜላና በትንሽ ካርቶን የታሸገ ጭማቂ።

ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች በተለይ ልብ በሉ። ኢንሱሊን ፀሐይ ላይ በሚውል ወይም ሊጠፋ በሚችል ሻንጣ ውስጥ አይገባም። አብዛኛው የተጀመረ ኢንሱሊን መጠነኛ በሆነ የክፍል ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ያልተከፈተውን ክፍላችሁ ስትደርሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጉት፤ በረዶ እንዳይሠራ ተጠንቀቁ።

ወረፋና ስኳር

ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ያን ዕለት ጠዋት እንደ ልማዱ ኢንሱሊኑን ተወጋ። ቁርስ ላይ ግን የጉዞው ነገር ሆዱን ሞልቶት ግማሽ ዳቦ ብቻ ቀመሰ። ባቡር፣ ታክሲ፣ ከዚያ ወረፋ። የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ገና አዳራሹ ውስጥ ነበርን። ድንገት ዝም አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ አዳራሹ ግን ቀዝቃዛ ነበር። እጁን ስይዘው «ምን ትነካኪኛለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። በ40 ዓመት ትዳራችን እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። የተናገረው እሱ ሳይሆን የወረደው ስኳሩ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ወንበር ፈልጌ አስቀመጥኩትና ለካሁት፦ 58። ጭማቂውን አጠጣሁት። 15 ደቂቃ ጠብቄ እንደገና ስለካ 94 ደረሰ። ከዚያ ስኳሩ መልሶ እንዳይወርድ ብስኩት አበላሁት። ያ ቦርሳ ከትልቁ ሻንጣ ጋር ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ልጃችን ግን ሌላ ነገር ነበር የገረማት። አባቷ ኢንሱሊን መጀመሩን አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «በክኒን ነው ያለሁት፣ ደህና ነኝ» ሲላት ቆይቷል። እኔ ንገራት ስለው «እኔው ራሴ እነግራታለሁ» እያለ ያሳልፈው ነበር። እዚያው ወንበር ሥር ቁጢጥ ብላ «አባዬ፣ ለምን ደበቅከኝ?» ብላ አለቀሰች። «እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው» አላት። «አሁን የምትለኝን ያን ጊዜ ብትነግረኝ እኮ የምሳ ሳህን ይዤልህ እመጣ ነበር» አለችው። ሦስታችንም በእንባችን መሐል ሳቅን።

ለሌላውም ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። በመሳፈሪያው ቀን ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ቁርሱን በደንብ ይብላ፤ ምሳው እንደሚዘገይ አስቦ ምግብ ይያዝ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ያልተለመደ ቁጣ ካያችሁ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ እርዳታ ጥሩ። የምትጾሙ ከሆነም የጾሙን ነገር ከሐኪማችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጀበናው ቤት ይቅር

ለልጆች ቡና ማፍላት የማንወድ እናቶች የለንም። ነገር ግን መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ነው። ከሰል፣ ዕጣን ማጨስ፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የልብስ ካውያ በክፍል ውስጥ አይፈቀዱም። ሲፈተሽ ከተገኘ ይወሰዳል። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ዘር ደግሞ የአሜሪካ ጉምሩክ ስለማያስገባው ለልጅ ልጅ ብላችሁ አትድከሙ።

ስልካችሁን መርከቡ ከመነሣቱ በፊት «የአውሮፕላን» በሚባለው ማስተካከያ ላይ አድርጉት። ባሕር ላይ ስልኩ በሳተላይት ከተገናኘ ሒሳቡ ያስደነግጣል። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶች «ለተወሰኑ ቀናት ብንጠፋ አትደንግጡ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም

ከመነሣታችሁ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። ደክሟችሁም ቢሆን አትቅሩ። ታይታኒክ ከዚሁ ከሳውዝሃምፕተን የተነሣችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1912 ነበር። 2,200 ያህል ሰው ይዛ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚበቁት ለ1,178 ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መነሻው ያ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ደግሞ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ጣሊያን አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ግዴታ ሆኗል።

ምልክቱ ሰባት አጫጭር ጩኸትና አንድ ረጅም ነው። የመሰብሰቢያ ቦታችሁን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። የነፍስ አድን ጃኬቱን እዚያው ሳላችሁ ታጥቃችሁ ሞክሩት። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ ልጆቻችሁ ቃል በቃል ያስረዷችሁ፤ «እኛ እናውቃለን» ብለው አይለፏችሁ። አደጋ በሚመጣበት ሰዓት አጠገባችሁ ላይኖሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ምሽት

ክፍላችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱን መግቢያ እዩ። ብዙ መርከብ ላይ ደፉ ከፍ ይላል፤ በሌሊት ተነሥቶ የሚወድቀው ሰው እዚያ ነው የሚወድቀው። ትንሽ መብራት አብርታችሁ ተኙ። ስትሄዱ አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ መደገፊያው ላይ ይሁን።

ማጥወልወል ለሚፈራ ሰው በመርከቡ መካከልና ዝቅ ባለው ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይሻለዋል። ሲያጥወለውላችሁ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ፤ ደረቅ ዳቦ ቅመሱ፤ ዝንጅብል አንዳንዱን ይረዳል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ግን ከሐኪም ሳትመክሩ አትውሰዱ። አንዳንዶቹ ያስተኛሉ፣ ለመውደቅም ያጋልጣሉ፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበትን ሰው ደግሞ ይጎዳሉ።

እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዛመተውን፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ የእጅ አልኮል ብቻውን በደንብ አይገድለውም። ሳሙና ይበልጣል።

ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ከሰባቱ ሌሊት በአምስቱ ሰዓቱ አንድ አንድ እያለ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአውሮፕላን በአንድ ቀን የሚወርድባችሁ የአምስት ሰዓት ልዩነት እዚህ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ለሽማግሌ ሰውነት ይህ ትልቅ በረከት ነው። መድኃኒታችሁን በመርከቡ ሰዓት እንዴት እንደምትወስዱ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስለ ሕክምናም አንድ ነገር ልበል። መርከቧ ላይ ሐኪምና ነርሶች አሉ፤ ሕክምናው ግን በክፍያ ነው። በውቅያኖሱ መሐል ደግሞ ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ሰፊ ቦታ አለ። ስለዚህ የጉዞ ዋስትናው የቆየ ሕመማችሁን የሚያካትት መሆኑን አረጋግጡ። ሕመሙን የደበቀ ሰው ዋስትናውንም ያጣል።

ውድ ወላጆች፣ ጠርጥር ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። ጉዞው ከመድረሱ በፊት ባለው እሑድ ቡናው ሲፈላ መድኃኒቶቻችሁን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፏቸው። ልጃችሁ ሩቅ ከሆነ በስልክ ምስል አሳዩት። ይህ ለምንድነው፣ ይሄኛውስ መቼ ነው የሚወሰደው ብሎ ይጠይቃችሁ። አንድም ሳታስቀሩ ንገሩት፤ እሱም ይጻፈው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋችሁ በእጅ ቦርሳው የፊት ኪስ ውስጥ፣ ፓስፖርታችሁ አጠገብ አስቀምጡት።