ፓይለት ነኝ ብዬ ሻንጣ መዛኝ!

ፓይለት ሲባል የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ነው አይደል የሚታያችሁ? እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

እያደገች ባለች አንዲት ትንሽ አየር መንገድ በረዳት አብራሪነት ስቀጠር ግን የመጀመሪያ ሥራዬ ሻንጣ መመዘን ሆነ። ባለአንድ ሞተሯ ካራቫን ላይ መንገደኛ አሳፋሪውም፣ ጭነት ደልዳዩም ያው ፓይለቱ ነው።

የነቃሁት ጂንካ ላይ ነው። የአሁኑ አስፋልት ኤርፖርት ሳይሠራ በፊት የምናርፈው መሐል ከተማው ባለው የሣር ሜዳ ነበር፤ መጀመሪያ ከብቱ ይባረራል፣ ከዚያ እኛ እንወርዳለን። አንድ ቀን ዝናብ እንዳባራ አንድ ጋሼ "የባለቤቱ ወዳጅ ነኝ" ብለው ትርፍ ሻንጣ ይዘው ድርቅ አሉ። እርጥብ ሣር ጎማ ይይዛል፣ ሙቀት አየሩን ያሳሳል፤ ሁለቱም መንደርደሪያውን ያስረዝማሉ። ካፒቴኑ ወደኔ ዞሮ "አንተስ?" አለኝ። ልቤ ድው ድው እያለ "ይቅርብን" አልኩ። ሻንጣው ወረደ፤ ስድቡን ጠጣሁ፤ በሰላም ገባን።

እናላችሁ፣ በ200 ሰዓት ገደማ ፈቃድ የያዘ ጀማሪ ለከፍተኛው ፈቃድ የሚጠየቀውን 1,500 ሰዓት የሚያጠራቅመው እንዲህ እየተፈተነ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት "ለሥልጠናው ስንት ዓመት ታስሩኛላችሁ?" በሉ። ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ እምቢ ማለትን ልመዱ።