ድምፁና ተሸካሚዎቹ
መሐሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረጸው «ኧረ መላ መላ» ከአምስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ሲወደስ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ድምፃዊው ብቻ ነው። ይገባዋል፤ ቃሉን እያርገበገበ ይጎትታል፣ ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ ያሳርፋል። ይህን መዘግየት የሚያሳምረው ግን የሚጠብቀው ባንድ ነው። የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ አንዲቱን አጭር ሐረግ ሳይታክት ይመላልሳል፤ የሰላም ስዩም ጊታር ያጠብቃታል፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ የፈቃዱ አምደ መስቀል ሳክስፎን ይቀበለዋል። አዝማሪና ተቀባይ ማለት ይኸው አይደለምን? የአሜሪካ ሶል ዘፋኞችም ጥሪና ምላሹን ከቤተ ክርስቲያናቸው ይዘው ወጥተዋል፤ የኛዎቹን የእነርሱ ጥላ ማድረግ ግን የጆሮ ስንፍና ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅየም ታትሞ አውሮፓ ሲደርስም፣ የገነነው ያው የመሐሙድ ስም ነበር።