ማን አለብኝ የተባለው ውሻ

ውሻው ማን አለብኝ ይባላል። ስሙን ያወጡለት እማማ ናቸው። ያን ጊዜ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር በወሰን ተጣልተው ነበር። ውሻውን በጠሩ ቁጥር ጎረቤት ይሰማል ብለው ነው። ጠቡ ቆይቶ በሽማግሌ ተፈታ። ስሙ ግን ከውሻው ጋር ቀረ።

እማማ ተማሪያችን ናቸው። ቤታቸው ከመገናኛ በላይ፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚያወጣው መንገድ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። ብዙ ዘመን የኖሩት ከተራራው ጭራሮ ተሸክመው ወርደው እየሸጡ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት እኛ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊደል ለማስተማር ወደዚያ ወጣን። ግቢያቸውን ለትምህርት የሰጡን እሳቸው ናቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዳሱ ሥር እንቀመጥ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት 19 ሰው መጣ። በሦስተኛው ሳምንት 11 ቀረ። ፊደሉ ከብዷቸው መስሎን ነበር። ኧረ ምን ፊደል! ሰዎቹ የሸሹት ውሻውን ነው።

ማን አለብኝ በአጭር ሰንሰለት በሩ አጠገብ ካለ ግንድ ላይ ይታሰራል። ሰው በገባ ቁጥር ይዘላል፣ ይጮኻል። ሰንሰለቱ አንገቱን እስኪያንቀው ድረስ ይጎትታል። ሐምሌ 19 ቀን ዓርብ፣ በጥበቃ ሥራ የሚኖሩ አንድ ተማሪያችን ዱላቸውን ይዘው ሲገቡ ጭቃው አዳለጣቸው። ወደ ውሻው ተጠጉ። ባታቸውን ነከሳቸው።

ግቢው ተረበሸ። አንዱ «ቡና ነስንሱበት» አለ። ሌላው «ግደሉት» አለ። ከእኛ አንዷ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። ጋሼን አስቀምጣ ቁስሉን በወራጅ ውሃና በሳሙና ታጥብ ጀመር። አጠባው 15 ደቂቃ ሙሉ ነው። ይህን የምንነግራችሁ እንዲሁ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን ከያዘና ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚገባበት ከ100 ጊዜ 99ኙ ያህል በውሻ በኩል ነው። ቶሎ የታጠበና ቶሎ የተከተበ ሰው ግን ይተርፋል። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መጀመሪያ ግን ይታጠብ፣ ጤና ጣቢያም ይድረስ። ጋሼን የዚያኑ ማታ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ክትባት ተጀመረላቸው።

ስንመለስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ፍርዱም አልቋል። ማን አለብኝ በጆንያ ታስሮ መገናኛ ይጣል ተብሏል።

እማማ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። «ልጆቼ፣ ሰውን ካስነከስኩ ምን አፍ አለኝ?» አሉን። ቀጥለው ደግሞ «ጅቡስ?» አሉ። ሁለት በግ አላቸው። ሌሊት ጅብ ከተራራው ይወርዳል። ውሻ ከሌለ በግም የለም።

እኛም ሽማግሌዎቹን ለመንን። በመጀመሪያ የነገርናቸው ስለ ውሻው ርኅራኄ አይደለም፤ ስለ ጋሼ ነው። የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን መታየት አለበት። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። መገናኛ ከጣልነው ማን ያየዋል? በዚያ ሁሉ አውቶቡስና ታክሲ መካከል የት ይገኛል? መኪና ካልገደለው የሌላ ሰው ልጅ ይነክሳል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሰሙ። ክትባቱ ግን የ10 ቀኑን ውጤት አይጠብቅም። የሚቆመውም የሚቀጥለውም ሐኪም ሲያዝ ነው።

በዚያ ማታ አንድ ነገር ሰማን። ከማን አለብኝ በፊት እማማ ሁለት ውሾች ነበሯቸው። ሁለቱም ሰው ነክሰው ተጥለዋል። ሦስቱም የታሰሩት እዚያው ግንድ ላይ ነው። እንግዲህ አራተኛ ቡችላ ቢመጣ ምን ይሆናል?

ሽማግሌዎቹ እስከ ዘመን መለወጫ ቀን ሰጡን።

እማማ ያን ጊዜ ፊደል ለይተው ቃል መጻፍ ጀምረው ነበር። አንድ ደብተር ሰጠናቸው። ቀኑን፣ የመጣውን ሰው፣ ሰውየው የያዘውን፣ ውሻው ያደረገውን በየማታው ይጽፉ ጀመር። እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 24። ረቡዕ። ሴት። እንጨት ተሸክማ። ጮኸ።» «ሐምሌ 26። ዓርብ። ልጅ። ባዶ እጁን። ዝም።» አንድ መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። እኛም አልቸኮልንባቸውም።

ሁለት ገጽ ከሞላ በኋላ ራሳቸው አነበቡት። እኛ ሳንናገር አገኙት። ውሻው ሰውን ሁሉ አይጠላም። የሚጮኸው ዱላ፣ ሸክምና ጃንጥላ በያዘ ሰው ላይ ነው። እማማ ደብተሩን አጥፈው ዝም አሉ። ቆይተው «እኔም እንጨት ተሸክሜ ስገባ ይጮህብኛል። የጠላኝ መስሎኝ እመታው ነበር» አሉ።

ስሙ ማን አለብኝ ይሁን እንጂ፣ ነገሩ ሲታይ ሁሉም ያለበት ውሻ ነው። ፈሪ ነው። ቡችላ ሆኖ ከግቢ አልወጣም። ውሻ ሰውንና ዓለምን በደንብ የሚለምደው ከ3ኛ ሳምንቱ እስከ 3 ወሩ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ያላየው ነገር በኋላ ያስፈራዋል። ሲያድግ ደግሞ በር ላይ ታሰረ። አላፊ አግዳሚው ድንጋይ ወረወረበት። የፈራ ውሻ ቢችል ይሸሻል። የታሰረ ግን ወዴት ይሸሻል? የቀረው ጥርሱ ነው።

ከ100 ዓመት በፊት በሩሲያ ኢቫን ፓቭሎቭ የሚባል ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ውሾችን ሲመግብ መጀመሪያ አንድ ድምፅ ያሰማቸው ነበር። ድምፁ፣ ከዚያ ምግቡ። ድምፁ፣ ከዚያ ምግቡ። ቆይቶ ምግቡ ሳይመጣ፣ በድምፁ ብቻ የውሾቹ ምራቅ መውረድ ጀመረ። ውሻ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ሲመጣ ሁለቱን አያይዞ ይይዛል። ማን አለብኝም ይዟል። ሰው መጣ፣ ድንጋይ መጣ። እንግዲያው ሰው መጣ፣ እንጀራ መጣ እስኪል ድረስ ብናደርገውስ?

መጀመሪያ ቦታውን ለወጥን። ከበሩ ወደ ጓሮ ወሰድነው። በሁለት እንጨቶች መካከል ሽቦ ወጥረን ገመዱን በቀለበት አንጠለጠልንበት። አሁን ወዲያና ወዲህ መሄድ ይችላል። ጥላና ውሃ አደረግንለት። አጥሩ ተጠገነ። ሐምሌ 29 ቀን 10ኛው ቀን ሞላ፤ ውሻው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጤነኛ ነው። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከተበው። ከዚያ በኋላ ሌሊት ግቢው ውስጥ ይፈታ ነበር።

ከዚያም ትምህርቱ ተጀመረ። አንድ ሰው ዱላ ይዞ 20 እርምጃ ርቆ ይቆማል። ውሻው ያየዋል፤ ርቆ ስለሆነ ግን አይጮኽም። ያኔ እማማ የእንጀራ ቁራሽ ይጥሉለታል። ሰውየው ሲሄድ ቁራሹም ይቆማል። ሰው ይቀድማል፣ ቁራሽ ይከተላል፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በማግስቱ 18 እርምጃ ይሆናል። ከጮኸ ወደ ኋላ እንመለሳለን። አንመታውም። ሲያጉረመርምም አይመታም። ማጉረምረም «ተጠንቀቅ» ማለት ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ፣ ጅራቱን በእግሩ መሃል ሲያስገባ፣ ሳይበላ ከንፈሩን ሲልስ ፈርቷል ማለት ነውና አትጠጉት። ልጆችን በዚህ ሥራ አላስገባንም።

ያጠፋነውንም እንንገራችሁ። 12 እርምጃ ላይ ስንደርስ ከእኛ አንዱ ሰለቸውና ጃንጥላ እንደዘረጋ በአንድ ጊዜ 4 እርምጃ ድረስ ተጠጋ። ውሻው ዘለለ። ገመዱ ያዘው እንጂ ሁለተኛ ንክሻ ሆኖ ነበር። ሀ እና ለን የለየ ተማሪ ጋዜጣ አንብብ እንደ ማለት ነው። ወደ 20 እርምጃ ተመለስን። አንድ ሳምንት ጠፋ። እማማም በዚህ ተቆጡን። «እኔን ስታስተምሩ ትታገሣላችሁ፤ እሱን ሲሆን ትቸኩላላችሁ» አሉን። ልክ ናቸው።

የቡሄ ሰሞን ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀመሩ። ማን አለብኝ ሁለት ቀን አልበላም። እማማ ማታ ማታ ከቤት አስገብተው በራቸውን ዘጉለት። ውሻ ቤት ማስገባት ነውር ነው ያሉም ነበሩ። እማማ ግን «ለእናንተ አይደለም ቤቱ» አሏቸው።

ጳጉሜን 1 ቀን ዓርብ የመጨረሻው ትምህርታችን ነበር። 17 ሰው መጣ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ማን አለብኝ አሁንም ለጅብ ይጮኻል፣ ጃንጥላም ሲያይ ያጉረመርማል። ሰው ሲገባ ግን ወደ እማማ እጅ ነው የሚያየው።

ጋሼ ዱላቸውን ከበር ውጭ አስደግፈው ገቡ። ከኪሳቸው ድርቆሽ አውጥተው ከሩቅ ወረወሩለት። «ታረቃችሁ ማለት ነው?» አልናቸው።

«ለእሱ አይደለም፤ ለእግሬ ብዬ ነው» አሉና ደብተራቸውን ገልጠው ተቀመጡ።