ተዋጊው በሬና የእኔ መንጃ ፈቃድ

ይህን የምጽፍላችሁ ከምኖርበት ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። ነገሩ የገባኝ ግን በተወለድኩበት በፎገራ፣ በቁሐር ሚካኤል፣ በአባቴ በረት ደጃፍ ነው።

በአንድ የምርቃት ግብዣ ላይ ጠጣሁ። ማንም አላስገደደኝም። በቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ ሆኜ የማገለግል ሰው ነበርኩ፤ “አንድ ብርጭቆ ምን ያደርጋል?” ብዬ ራሴን ያታለልኩት እኔው ነኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ከኋላው ገጨሁ። በመኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም። ከኋላ መቀመጫው ላይ ግን የሕፃን ወንበር ታስሮ ነበር። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ዓይኔን ከዚያ ባዶ ወንበር ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

መንጃ ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታገደ። የምንተዳደረው በሾፌርነት ስለ ነበር ባለቤቴ ሁለት ሥራ መሥራት ጀመረች። ንስሓ ገባሁ፤ መጋቢያችን ጸለየልኝ፤ ጌታም ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ግን ፈቃዴን ለማስመለስ “ኤፍ አር 44” የሚባል ወረቀት አስፈለገኝ።

ስለዚህ ወረቀት ጥቂት ላስረዳችሁ፤ ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም። ወረቀቱ ራሱ መድን አይደለም። የመድን ድርጅቱ “ይህ ሰው ቢያጠፋ ለተጎጂው የሚከፈል መድን በእኛ ዘንድ አለው” ብሎ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የሚልከው ማረጋገጫ ነው። መድኑ ቢቋረጥ ድርጅቱ ወዲያው ያሳውቃል፤ ፈቃዱም እንደገና ይታገዳል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚጠየቀው “ኤስ አር 22” ይባላል። ጠጥተው በነዱ ሰዎች ላይ ከበድ ያለውን ኤፍ አር 44 የሚጠይቁት ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ናቸው። ቨርጂኒያ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚህ በእኛ ዘንድ የመድኑ መጠን ሌላው ሰው እንዲኖረው ከሚገደድበት ዝቅተኛ መጠን እጥፍ ነው፤ የሚቆየውም ሦስት ዓመት ነው። የእኔ ወርሃዊ ክፍያም ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆነ።

አጉረመረምኩ። “ፍርድ ቤት ቀጣኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር አለኝ፤ ይህ ሦስተኛው ደግሞ ምንድን ነው?” አልኩ። አንድ ወንድም “መኪናውን በባለቤትህ ስም አድርገውና ዝም በል” ብሎ መከረኝ። ይህን ባላደርግም ከዚያ ያልተሻለ ነገር አደረግሁ፤ የአንድ ወር ክፍያ አሳለፍኩ። የእገዳው ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን አንብቤ፣ እያወቅሁ፣ ሁለት ቀን ነዳሁ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ቁልፉን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴን ልጠይቅ አገር ቤት ገባሁ። የባሕር ዳርና የጎንደርን አስፋልት የምታውቁት፣ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለውንም፣ ማምሻውን ምን እንደሚመስል አትረሱትም። ከሜዳው የሚመለስ ከብት፣ ሩዝ የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ፣ ሁሉም በአንዲት መንገድ ላይ ነው።

አባቴ ለምን መኪና እንደማልነዳ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። አባቴ የኦርቶዶክስ አማኝ ነው። ጌታን የተቀበልኩ ጊዜ ብዙ ተነጋግረናል፤ በዚያ ቀን ግን ስለዚያ አንዳች አላነሣም። በረት ውስጥ ወደ ታሰረው ቡሬ እያመለከተ፣

“ይህን በሬ አየኸው? አምና የጎረቤት ልጅ ወጋብኝ። በሚካኤል ምልጃ ልጁ ተረፈ። በሽማግሌ ታረቅን፤ አብረን በላን፣ ጠጣን። ገመዱን ግን አልፈታሁለትም” አለኝ።

“ከታረቃችሁ ለምን አባዬ?”

“ልጁ በዚህ ደጅ ያልፋላ!”

ያን ሌሊት ዘጸአት 21ን ገልጬ አነበብኩ። ብዙ ጊዜ ዘልዬው የማልፈው ክፍል ነው፤ የፎገራ ልጅ ሆኜ ስለ በሬ የሚናገረውን መዝለሌ ራሱ ይገርማል። ሕጉ ድንገት ሰው የገደለን በሬና መዋጋቱ አስቀድሞ የታወቀን በሬ ለይቶ ያያል። ባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ካልጠበቀው ዕዳው የባለቤቱ ነው። እኔም ተነግሮኝ ነበር። በደብዳቤ!

እኔ ልጅ ሳለሁ በአገራችን መኪና ሰው ሲገጭ የተጎጂው ቤተ ሰብ ተስፋ ሽማግሌና የባለ መኪናው ርኅራኄ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው አስገደደ፤ በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። በዚህ በኋለኛው አዋጅ ለሞት የተወሰነው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ለሰው ሕይወት ይህ ምን ይባላል? ቢሆንም ገጭቶ ያመለጠው ሰው ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሳ እንዲያገኝ ተደርጓል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው የመድን ምልክት ግን የሚከተለው መኪናውን ነው። የእኔ ወረቀት የሚከተለው እኔን ነው፤ መኪና ብቀይርም አብሮኝ ይሄዳል።

ስመለስ ውዝፉን ከፈልኩ፤ ማረጋገጫው እንደገና ተላከ። በኅብረታችንም ያን ሁለት ቀን መንዳቴን ተናገርኩ፤ የመከረኝ ወንድምም ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ ቁልፉን የመለሰችልኝ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣውን ደብዳቤ በዓይኗ አንብባ ነው።

አሁን ሰባት ወር ቀርቶኛል። አባቴ በደወልኩ ቁጥር ስለ ሩዙ፣ ስለ ጎርፉ ከነገረኝ በኋላ፣ “ገመዱ አለ?” ይለኛል።

“አለ አባዬ። ቡሬስ?”

“እሱም እንደ ታሰረ ነው” ይላል።