የጋያው ውሃ

አምና ለአረፋ አሶሳ ስገባ፣ አያቴ ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ ያለችኝ የመጀመሪያ ነገር «ጋያዬን እጠብልኝ» ነበር።

ከተያየን ሁለት ዓመት አልፎናል። የመኪናው መንገድ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፤ ለትኬቱ ወራት ቆጥቤያለሁ። እሷ ግን ስለ ሥራዬ አልጠየቀችኝም። መቼ እንደማገባ እንኳን አልጠየቀችኝም። «እነዚህ አያውቁበትም፣ ገምቶብኛል፣ አንተ እጠብልኝ» አለች፤ በቃ። እናቴ ከኋላዋ ቆማ በዓይኗ «እንዳታደርገው» አለችኝ።

ጋያ አይታችሁ ለማታውቁ፦ ሽሻን አስቡና መስታወቱን፣ ጎማውንና ብልጭልጩን በሙሉ አውልቁለት። የሚቀረው ጋያ ነው። አንገተ ረዥም ቅል፣ ሆዱ ላይ በተበሳ ቀዳዳ የገባ ሸምበቆ፣ ከሸምበቆው ላይ ደግሞ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት ትንሽ የሸክላ አናት። ቅሉ እስከ ግማሹ ውሃ ይይዛል፤ የሸምበቆው ታችኛው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል። በቅሉ አንገት ሲሳብ ጭሱ ውሃውን አቋርጦ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወደ አፍ ይመጣል። ያ ድምፅ ለእኔ የልጅነቴ ምሽት ነው። በእኛ አገር፣ በተለይ በጉሙዝ መንደሮች፣ የቅል ጋያ ይዛ ደጃፏ ላይ የተቀመጠች ሴት ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አዲስ አበባ ስመጣ ሴት ልጅ ሲጋራ ስትለኩስ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲያዞር ሳይ ግራ የገባኝ ለዚህ ነው።

አያቴ ግን የአካባቢው ተወላጅ አይደለችም። የ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ነቅሎ፣ የደርግ የሰፈራ ፕሮግራም አሶሳ ዙሪያ ካራገፋቸው በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች አንዷ ናት። መንደራቸው ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ሙቀት፣ ቀርከሃ፣ ወባ። በመጀመሪያው ክረምት ሁለት ልጆቿን ቀበረች። ስለ እነሱ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። አያቴ ስለዚያ ክረምት የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ገበያ ላይ ጥግ ይዛ ስታለቅስ አንዲት የጉሙዝ ሴት አየቻት። ቋንቋ አይግባቡም። ሴትዮዋ አጠገቧ ቁጭ አለችና የራሷን ጋያ አቀበለቻት።

«ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ከዚያ ዝም አልኩ» ትላለች አያቴ።

በሌላ ገበያ ሴትዮዋ አንድ ጋያ ይዛላት መጣች። ከዚያ ወዲህ ቅሉ አራት አምስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሸምበቆው ስንቴ እንደተቀየረ አይታወቅም። የሸክላው አናት ግን ያው የሴትዮዋ ነው።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የዚህ ጋያ አጣቢ እኔ ነበርኩ። እጄ ትንሽ ስለነበረ ይሁን ወይም ነገር ፈታትቶ መግጠም ስለምወድ፣ አያቴ ለማንም አትሰጥም ነበር። ኋላ ኢንጂነሪንግ ስማር «መቼ ነው ማሽን የወደድከው?» ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህንን ነበር የምነግረው።

መጀመሪያ ውሃው። ውሃው በየቀኑ ይደፋል፤ ይህ ሕግ ነው። ያደረ የጋያ ውሃ እንደ ቡና አተላ ይጠቁራል፣ ይከረፋል፤ በማግስቱ የሚሳበው ጭስ ያንኑ ክርፋት ይዞ ይመጣል። የሚደፋውም የትም አይደለም። አያቴ ክሽክሽ የወረሰው ጎመን ላይ ታርከፈክፈዋለች፤ ክሽክሹ ያልቃል። ከዚያ ቅሉ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና አንድ እፍኝ ደቃቅ ጠጠር ይጨመርና አፉ በእጅ ተደፍኖ እንደ ወተት ይናጣል። ጠጠሩ ጥጉን ሁሉ ይፍቀዋል። ሳሙና ክልክል ነው፤ ቅል የጠጣውን ቶሎ አይለቅም። አንዴ በዱቄት ሳሙና አጥቤላት ለሳምንት ያህል «የታጠበ ልብስ ነው እንዴ የማጨሰው?» እያለች ስትነጫነጭ ከረመች።

ለሸምበቆው ስንደዶ ነው። ስንደዶው ይገባል፣ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ እየተቀያየረ ይደጋገማል። ሸምበቆ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ውስጡ አንዴ ከመረረ ስንደዶ አያድነውም፣ ይጣላል። የሸክላው አናት ደግሞ የሚታጠበው በእሳት ነው። ፍም ውስጥ ይቀበራል፤ የተጋገረበት ጥቁር ነገር ተቃጥሎ ሲያልቅ ሸክላው ቀልቶ ይወጣል። በትኩሱ ውሃ ከነካው ስለሚሰነጠቅ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። ቅሉ ተደፍቶ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ፀሐይ ያሰነጥቀዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል። በመጨረሻ ሸምበቆው የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን በሰም ይታሸጋል። ትንሽ ካስተነፈሰ ጭስ ሳይሆን አየር ነው የምትስበው።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ አያቴ የመጀመሪያውን ትስብና ዓይኗን ትጨፍናለች። «ጣፈጠ» ትላለች። ከዚያች ቃል የበለጠ ምስጋና በሕይወቴ ማግኘቴን እንጃ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ሌሊት ፈተና እየሸሸሁ ዩቲዩብ ላይ የፈረንጅ ሽማግሌዎች ፒፓ ሲያጸዱ አገኘሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አየሁ። የእነሱ ፒፓ የሚሠራው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ላይ ከሚገኝ ጉጥ ነው፤ ተክሉ ደግሞ እኛ ጋ ስሜን ተራሮች ላይ አስታ የምንለው ራሱ ነው። ሸክላ ስላልሆነ እሳት ውስጥ አይከቱትም፣ ፍቀውም አይጨርሱትም፤ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የከሰል ልባስ ይተዉለታል፤ እንጨቱን ከእሳት ይከላከልለታል። ልባሱ ከወፈረ ግን ሲሞቅ እየተለጠጠ እንጨቱን ይሰነጥቃል። ካጨሱበት በኋላ እርጥበቱን እንዲያወጣ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳርፉታል። «እማማ እኮ ይህን ሁሉ ታውቃለች» እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

የማታውቀው፣ እኔም የማላውቀው፣ ሌላው ነገር ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው «ጋያ እንደ ሲጋራ አይደለም፣ ውሃው ያጣራዋል» ይላል። እኔም በየቀኑ ያንን ጥቁር ውሃ ስደፋ «ይኸው፣ መርዙ እዚህ ቀረ» ብዬ አምን ነበር። እውነት ነው፣ የተወሰነ ነገር ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ክሽክሹን የሚገድለው ኒኮቲኑ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ውሃ አይዘውም፤ አብዛኛው ዝፍትም ያልፋል። ውሃው በደንብ የሚሠራው ሥራ ጭሱን ማብረድ ነው። የበረደ ጭስ ጉሮሮ ስለማያቃጥል ጠልቆ ይሳባል። ባጭሩ፣ ውሃው ጉዳቱን አልቀነሰም፤ ጉዳቱን የሚነግረንን ማቃጠል ነው የቀነሰው።

ሥራዬ ላይ ይህን ዓይነት ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። አሮጌ ሲስተም ነው የምጠግነው፤ ማንም የማይወደው፣ ማንም ደግሞ የማይነካው። ከእኔ በፊት የነበረ ዴቨሎፐር የኤረር መልእክቶቹን አንድ በአንድ ዝም አሰኝቷቸው ነበር። ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ ውስጡ ግን ይበሰብሳል። የእኔም ጠጠርና ስንደዶ እንደዚያ ይሆን? የአያቴን ጋያ በማጠቤ ለሃያ ዓመት ያጠፋሁት ቆሻሻውን ነው ወይስ ማስጠንቀቂያውን?

ወደ አምናው አረፋ ልመለስ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አያቴ ሳሏ ጠንቶባት ሐኪም ቤት ተወስዳ ነበር። ሐኪሙ ሳንባዋ መጎዳቱን ነግሮ «ማጨስ ይቁም» አለ። ለእሷ ግን በግልጽ ያስረዳት ሰው የለም፤ ለእናቴና ለአክስቴ ነው የተነገረው። እነሱ ደግሞ ፊት ለፊት መናገሩን ፈሩት። አያቴን «ተዪ» ማለት ቀላል አይደለም፤ ጋያው ከምን ጋር እንደተያያዘ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ፦ አለማጠብ። ጣዕሙ ሲከፋባት ራሷ ትተወዋለች ብለው።

ማታ እናቴ ይህን በሹክሹክታ ስትነግረኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ዘዴው አሪፍ መሰለኝ። መንግሥትም ከዚህ የተለየ አላደረገም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሽሻንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከልክሏል፤ የሲጋራ ፓኬት ፊትና ጀርባም 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን አዟል። ነገሩ ደስ የሚል እንዳይመስል ማድረግ ነው። የአያቴ ቅል ግን ፓኬት የለው፣ ሥዕሉ የት ይለጠፍ? የእኛ ቤት ማስጠንቀቂያ ግማቱ ነበር።

ችግሩ አለመሥራቱ ነው። ጠዋት አየኋት። ያንን የከረፋ ነገር ፊቷን አጨማድዳ፣ እያሳላት፣ ትስበዋለች። አልተወችውም። ያጣችው ደስታውን ብቻ ነው።

ተነሣሁና ጠጠር ለቀምኩ።

እናቴ ተናደደች። አያቴ በርጩማዋን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ውሃውን ስደፋው ሽታው ግቢውን ሞላው። ስንደዶውን ከሸምበቆው ውስጥ ስስብ የወጣውን ጥቁር ነገር እያየሁ ትዝ ያለኝ አንድ ያነበብኩት ታሪክ ነው። ቤጌምድር ውስጥ «የላሊበላ ዋሻ» የሚባል ቦታ አለ፤ ከዐለት ፍልፍሎቹ ላሊበላ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። እዚያ በቁፋሮ ሁለት የውሃ ማጨሻ የሸክላ አናቶች ተገኙ፤ 1320 አካባቢ በፈረንጆች አቆጣጠር ተብለው ተገመቱ። ትምባሆ ገና ከአሜሪካ ያልወጣበት ዘመን ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ውስጣቸው የተጋገረው ቅሪት ሲመረመር የካናቢስ ምልክት ተገኘበት። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ! ባለቤቶቹ እንደ እኔ ያለ የልጅ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ሳይንቲስቶቹ ምንም ባላገኙ ነበር። ለአያቴ ስነግራት ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ረዘመ።

ሳሉ ሲያባራ «እማማ፣ እነ እማዬ ያላጠቡልሽ አውቀው ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ልጆቼ በአፋቸው መናገር ፈርተው በቆሻሻ ነገሩኝ። አንተስ? ተምረሃል አይደል፣ ንገረኝ እስቲ።»

ነገርኳት። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር። ሳይንሱን በምን ቋንቋ ላስረዳት ብዬ ሳስብ በእጄ የያዝኩትን አየሁና «ሳንባሽ እንደዚህ ሸምበቆ ሆኗል። ግን ስንደዶ የለውም» አልኳት።

ሸምበቆውን ከእጄ ተቀበለችኝና በውስጡ ሰማዩን አየች።

«ሸምበቆ እኮ ይቀየራል።»

«ሳንባ አይቀየርም እማማ።»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «አብሽር» አለችኝ። እሷ ናት እኔን ያጽናናችው። ጋያውን ገጣጥሜ፣ በሰም አሽጌ ሰጠኋት። ሳበች። ዓይኗን ጨፈነች። «ጣፈጠ» አለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ቃሏ አላስደሰተኝም። ትክክል ነበርኩ ወይ? አላውቅም። ከሚያታልሏት ልጆች ጋር ሆና ከምታጨስ፣ እውነቱን አውቃ ብታጨስ ይሻላል ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሳንባው ግን የእሷ ነው።

በበነጋው የሆነው ግን አላጠራጠረኝም። የእህቴ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጓሮ ቁጢጥ ብላ ቅሉን በጠጠር ስትንጥ አገኘኋት። «እማማ አሳየችኝ! እንዳንተ አደረግኩት አይደል?» አለች፤ እጇ እስከ ክርኗ በዚያ ውሃ ርሷል። በጣም ጎበዝ ነበረች። እውነት ለመናገር ለአንድ ሴኮንድ ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ያ ውሃ ጎመኑ ላይ የነበረውን ሁሉ ሲገድል ትዝ አለኝ። ቅሉን ወሰድኩባትና እጇን በሳሙና ሁለቴ አጠብኩላት። አለቀሰች። ለአያቴ «ይህን ለልጆች አታስተምሪብኝ፤ በእኔ ይብቃ» አልኳት። የልጅነቴን ብቸኛ ሙያ ነው እንዲህ ያልኩት። አያቴ ተቆጣች፣ ከዚያ ግን «እሺ» አለች።

ታዲያ ማን ይጠበው? እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ያልጠበቅኳት ሰው ኃላፊነቱን ወሰደች፦ እናቴ። በየጠዋቱ ታጥብላታለች፤ እያጠበች ደግሞ ትጨቀጭቃታለች። ሁለቱም ባንድ ላይ።

አያቴ አላቆመችም። ማታ ማታ ብቻ ነው ይላሉ። እሁድ እሁድ እደውልላታለሁ።

«ታጠበልሽ?»

«ታጠበ።»

«ስንት ጊዜ ሳብሽ ዛሬ?»

«አንዴ ብቻ» ትላለች። ውሸቷን እንደሆነ ከሳሏ ይገባኛል። እሷም እንደገባኝ ታውቃለች። ቢሆንም አሁን የምንነጋገረው በአፋችን ነው።