ጽሑፋዊ ተለዋዋጮችን በአዲስ መስመር ስለ ማያያዝ፦ ከዳባት የቀሰምሁት ትምህርት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዳባት ለጤና ተመራማሪዎች እንግዳ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባቋቋመው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ማዕከል አማካይነት በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘገባሉ። ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው የሞቱ ምክንያት የሚገመተው ቤተሰቡ በሚሰጠው ቃል ነው፤ ቨርባል አውቶፕሲ የሚባለውም ይኸው ነው።

እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ በዚያ አካባቢ የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ቃሎችን ለትንተና አዘጋጅ ነበር። ለእያንዳንዱ ሟች ሦስት ጽሑፋዊ ተለዋዋጮች ነበሩ፦ የቤተሰብ ትረካ፣ የሕክምና ታሪክና የጠያቂው ማስታወሻ። ሐኪሙ በአንድነት እንዲያነባቸው በአር ፕሮግራም ፔስት በሚባለው ትእዛዝ አያያዝኋቸው፤ በመካከላቸው ያኖርሁት ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። «ሐኪም ቤት አልወሰድናትም» የሚለው የእናት ቃልና «የሕክምና ካርድ አይቻለሁ» የሚለው የጠያቂው ማስታወሻ ከአንድ አፍ የወጡ መሰሉ። እናቲቱ ቃሏ የሚጋጭባት ምስክር ሆነች። ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብም መለያ ሊሆኑኝ አልቻሉም፤ ሁለቱም በትረካው ውስጥ ሞልተዋልና። ስለዚህ መለያውን አዲስ መስመር አደረግሁት።

ገጹ ለንባብ ተስማማ፤ ፋይሉ ግን ተበላሸ። አዲስ መስመር ለዓይን ባዶ ቢመስልም ለኮምፒዩተር በቁጥር 10 የሚወከል ምልክት ነው። ጽሑፉን በትእምርተ ጥቅስ ሳልከብብ በታብ በተለየ ፋይል ስላስቀመጥሁት፣ መልሼ ስከፍተው የ1 ሟች መዝገብ 3 መስመር ሆኖ ተቆጠረ። በዚህም ላይ የጠያቂው ማስታወሻ በጎደለበት ስፍራ ፔስት «ኤንኤ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትን እንደ ተራ ጽሑፍ አስገብቶ አገኘሁ፤ ዝምታ ቃል ሆነ። በሳስ ፕሮግራም ካትኤክስ የሚባለው ትእዛዝ በአንጻሩ የጎደለውን ዘልሎ ያልፋል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የገጽ አቀማመጥን ከመረጃ አያያዝ ጋር ቀላቅያለሁ። አሁን ሦስቱን ተለዋዋጮች ለየብቻ አስቀምጣለሁ። በአዲስ መስመር የማያይዛቸው ለንባብ ሳዘጋጃቸው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የጎደሉትን አስቀድሜ አወጣለሁ፣ በየቃሉ መነሻም ተናጋሪው ማን እንደሆነ እጽፋለሁ። መዝገቦቹን ከማያያዜ በፊትና በኋላ እቆጥራለሁ።

ልጇን የቀበረች እናት የነገረችን 1 ሞት ነው፤ በሰንጠረዣችንም 1 ሆኖ ሊገኝ ይገባል።